ነርሲንግ በጎንደር፦ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ደመወዙና ስለ ቀጣዩ መንገድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ከወላጆችና በቅርቡ ከተመረቁ ነርሶች ደጋግመው የሚደርሱኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ መልሻቸዋለሁ።

ነርስ ከሐኪም፣ ከጤና መኮንንና ከአዋላጅ በምን ይለያል?

ሐኪሙና ጤና መኮንኑ በሽታውን መርምረው ሕክምናውን ያዝዛሉ። አዋላጅ የእርግዝናን፣ የወሊድንና የአራስነትን ጊዜ ይዛለች። ነርስ ከታማሚው አጠገብ የማይጠፋው ባለሙያ ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱና በመጠኑ የሚሰጠው፣ የደም ግፊቱን፣ ሙቀቱንና ትንፋሹን የሚከታተለው፣ ቁስሉን የሚያጥበው፣ ታማሚው «ደህና ነኝ» እያለ እንኳ ፊቱ መለወጡን አይቶ ሐኪም የሚጠራው እሱ ነው። ሐኪም በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ በመካከል ያለው ሰዓት የነርስ ነው።

በከተማችን ሴቷን ነርስ «ሲስተር»፣ ወንዱን ደግሞ «ዶክተር» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ወንድ ነርሶች ይህን በትሕትና እንዲያርሙ እለምናለሁ፤ «ነርስ ነኝ፣ አባባ» ማለት ክብር አይቀንስም። አባባ «ዶክተሩ አይቶኛል» ብለው ሳይመረመሩ ወደ ቤታቸው ከሄዱ ግን ጉዳቱ የእርሳቸው ነው።

ጎንደር ውስጥ ነርሲንግ የት ይሰጣል? ስንት ዓመትስ ይፈጃል?

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል፤ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ኮርሶች ጨምሮ አራት ዓመት ነው። ከከተማው በስተደቡብ ጠዳ የሚገኘው የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ደግሞ የመካከለኛ ደረጃ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ወደ ግል ኮሌጅ የምትሄዱ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ የኮሌጁ ስም መታወቁ ብቻ አይበቃም፤ የነርሲንግ ፕሮግራሙ ራሱ፣ እናንተ በምትማሩበት ካምፓስ፣ ዕውቅና ሊኖረው ይገባል። በሌላ ከተማ ያለው ቅርንጫፍ ያገኘው ዕውቅና ለእናንተ አይሠራም።

ጎንደር ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለችም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲከፈት ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን ጎን ለጎን ያስተምር ነበር፤ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን። ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨርሶ ነበርና አስተማሪዎቹ ተማሪውን ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ማሠልጠን እንደማይበቃ ገብቷቸዋል። ዛሬም ተመራቂ ተማሪዎች ከልዩ ልዩ የጤና ሙያዎች ተውጣጥተው በቡድን ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያ የሚወጡበት ልምምድ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። ተማሪው ብዙውን ጊዜ እንደ ሽርሽር ያየዋል። እኔ ግን ከትምህርቱ ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይህ ይመስለኛል።

የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። በደረጃ 4 ልጀምር?

ብቻችሁን አይደላችሁም። በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። የማካካሻ ትምህርት ዕድል ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ። ካላገኛችሁ የደረጃ 4 ነርሲንግ፣ ማለትም ከዲግሪ በታች ያለው የኮሌጅ ሥልጠና፣ የሚያሳፍር መንገድ አይደለም፤ ኮሌጁን ጨርሳችሁ የብቃት ምዘናውን ስታልፉ ጤና ጣቢያ ውስጥ በነርስነት ትሠራላችሁ፣ ቆይታችሁም ወደ ዲግሪ ማሻሻል ትችላላችሁ።

የሚጎዳው ነገር ሌላ ነው። ወደ ዲግሪ ማደግ ቃል የተገባ ነገር አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ፣ በጀትና ተራ ይጠይቃል። በዲግሪና በደረጃ 4 መካከል ያለው የደመወዝ ልዩነትም ሥራው ተመሳሳይ በሆነባቸው ቦታዎች ሁሉ ይታያል። ይህን አውቃችሁ ግቡ። ይህ ያልተነገራቸው ብዙ ልጆች አሥር ዓመት ቆይተው ሲያዝኑ አይቻለሁ።

ነርሲንግን አልመረጥኩትም፤ ተመድቤ ደረሰኝ። ምን ላድርግ?

እኔም አልመረጥኩትም ነበር። የመጀመሪያ ምርጫዬ ሌላ ነበር፤ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሜን ከነርሲንግ ሥር አግኝቼ ሁለት ቀን አልቅሻለሁ። ሐሳቤን የለወጠው ንግግር ወይም ምክር አይደለም፣ አንድ ሌሊት ነው። ጀማሪ ሆኜ በሕፃናት ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በተቅማጥና በትውከት ደርቆ የመጣ የዓመት ልጅ ገባ። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ሆዱን ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቆዳው ቶሎ አይመለስም፤ ሲያለቅስ ዕንባ የለውም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር አያቱ ስልኬን ይዘው አበሩልኝ። ሁለት ጊዜ ሞክሬ የደም ሥሩን አጣሁት። አያትዬው «ልጄ፣ እጅሽ አይንቀጥቀጥ፤ ጊዜ አለን» አሉኝ። ጊዜ እንደሌለን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በሦስተኛው ካኑላው፣ ፈሳሽ የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ፣ ገባ። ሊነጋጋ ሲል ልጁ እንደገና አለቀሰ፤ በዚህኛው ዕንባ ነበረው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ የትምህርት ክፍል መቀየር የሚቻልበት ጊዜ ሳያልፍ ጠይቁ፣ ካልተቻለ ግን የመጀመሪያውን የሆስፒታል ልምምድ ሳታዩ አትወስኑ። በክፍል ውስጥ የሚማሩት ነርሲንግና አልጋ ዳር የሚሠሩት ነርሲንግ አይመሳሰሉም። ልምምዱን አይቶም ልቡ ያልቀረበ ሰው ካለ በሰላም ቢለቅ ይሻላል፤ ለራሱም ለታማሚውም።

የመውጫ ፈተናና የሙያ ፈቃድ ፈተና አንድ ናቸው?

አይደሉም። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ የሚወስደው ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የሙያ ፈቃድ ፈተናው የጤና ሚኒስቴር ነው፤ ተመርቃችሁ በነርስነት ለመመዝገብና ለመሥራት ያስፈልጋል። አንዱን ማለፍ ሌላውን አይተካም። ዲግሪ ይዞ ፈቃድ የሌለው ሰው በሕግ ነርስ ሆኖ መሥራት አይችልም። ፈቃዱ ደግሞ የሚታደስ ነውና የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ማስረጃዎቻችሁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ አቃፊ አስቀምጡ። በዕድሳት ሳምንት ወረቀት ፍለጋ መሮጥ አድካሚ ነው።

ደመወዙ ስንት ነው? እጅ ላይ የሚደርሰውስ?

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ስኬል የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። የነርስ የሥራ መደብ በተመዘነበት ደረጃ መሠረት ቁጥሩ ከዚህ ሊለይ ስለሚችል የቅጥር ደብዳቤያችሁ ላይ ያለውን ደረጃና እርከን ተመልከቱ። ስሌቱን ግን በ11,500 ላሳያችሁ፤ ብዙ ልጆች የመጀመሪያውን ደመወዝ ሲቀበሉ የሚደነግጡት ይህን ቀድሞ ያሳያቸው ሰው ስለሌለ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ ይከፈልበታል፤ 300 ብር። ከዚያ 3,000 ብር በ20 በመቶ 600 ብር፣ ሌላ 3,000 ብር በ25 በመቶ 750 ብር፣ የቀረው 1,500 ብር በ30 በመቶ 450 ብር ይሆናል። ጠቅላላ ግብሩ 2,100 ብር ነው። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 805 ብር ይቀነሳል። የሚቀረው 8,595 ብር ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳ ካለበት ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ ለዚያ ይቆረጣል፤ 1,150 ብር። ስለዚህ ኪሳችሁ የሚገባው 7,445 ብር ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ የታክሲና የምግብ ወጪያችሁን እናንተው ቀንሱ።

ሕይወት በእጁ ለተሰጠው ሰው ይህ ያንሳል፤ ይህን ለመናገር አላመነታም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንስተው በየአካባቢው ሆስፒታሎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ጭማሪ እውነተኛ ነው፤ የገበያው ዋጋም እንዲሁ።

የተረኝነት ክፍያስ?

ከመደበኛ ሰዓት ውጭ፣ በሌሊት፣ በሰንበትና በበዓል የምትሠሩበት ለብቻው ይታሰባል። ብዙ ነርስ ወሩን የሚዘጋው በዚህ ክፍያ ነው። ለተላላፊ በሽታ የሚያጋልጡ ክፍሎችም የተጋላጭነት አበል አላቸው።

መታወቅ ያለበት ልዩነት አለ። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል በፌዴራል በጀት ይተዳደራል፤ ጤና ጣቢያዎችና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ግን በክልሉና በወረዳው በጀት ሥር ናቸው። ወረዳው ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚዘገየው የተረኝነት ክፍያ ነው። እኔ ራሴ በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ የወራት ክፍያ ተጠራቅሞብኝ ያውቃል። የተረዳሁት ነገር ቢኖር የተረኝነት መርሐ ግብሩን ኮፒ፣ ከኃላፊ ፊርማ ጋር፣ በየወሩ ለራሴ ማስቀረት እንዳለብኝ ነው። ክፍያው ሲመጣ መዝገቡ የጠፋበት ሰው ምንም አያገኝም።

ከተመረቅሁ ዓመት አለፈኝ፤ ቅጥር ግን የለም። ምን ይሻላል?

እንደ ቀድሞው ተመርቆ ወዲያው መመደብ ቀርቷል፤ አሁን ማስታወቂያ ጠብቆ መወዳደር ነው። ሆስፒታሎቻችን ነርስ ያጥራቸዋል፣ የተመረቀው ልጅ ደግሞ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማስታወቂያ ያነባል። ይህ የበጀት ጉዳይ እንጂ የእናንተ ጉድለት አይደለም።

እስከዚያው ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ፍለጋችሁን ከጎንደር ከተማ አውጡት፤ ደባርቅ፣ ዳባት፣ ቆላ ድባ፣ አይከል፣ መተማ ድረስ ጠይቁ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ሁኔታ እዚያው የሚሠራ ሰው ሳትጠይቁ አትሂዱ፤ ለወላጆቻችሁም ሳትነግሩ አትውጡ። ሁለተኛ፣ የግል ክሊኒክ ሥራን አትናቁ። ክፍያው ዝቅ ቢልም እጃችሁ ሥራ አይረሳም። ውል ተፈራረሙ፣ ስትለቁም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ውሰዱ፤ ደብዳቤው የሥራ ግብር ስለመከፈሉ ማስረጃ ከሌለው በመንግሥት ቅጥር ላይ ላይያዝላችሁ ይችላል። ሁለት ዓመት ያለ ግብር ሠርተው ልምዳቸው ዜሮ የተባለባቸው ልጆች አውቃለሁ፤ ለቅሷቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከነርስነት በኋላ ወዴት ማደግ ይቻላል?

መንገዱ ብዙ ነው። አንዱ በዚያው በዋርድ ውስጥ ከጀማሪነት ወደ ከፍተኛ ነርስነት፣ ወደ ክፍል ኃላፊነት፣ ከዚያም ወደ ሜትረንነት፣ ማለትም ወደ ሆስፒታሉ ነርሶች ዋና ኃላፊነት፣ የሚያድገው ነው። ሌላው በጽኑ ሕክምና፣ በኩላሊት እጥበት፣ በካንሰር ሕክምና ወይም በቀዶ ሕክምና ክፍል የጠለቀ ሙያ መያዝ ነው። ማስተርስ፣ ከዚያም ማስተማር አለ። ወደ ሕዝብ ጤና ተሻግሮ የወረርሽኝ ቅኝትና የሥርዓተ ምግብ ሥራ ላይ የሚሰማራም አለ።

በጎንደር የሚገኝ አንድ ዕድል ግን ብዙ ሰው አይቆጥረውም፤ ምርምር ነው። ከመተማና ከሁመራ የእርሻ ሥራ የሚመለሱ ወጣቶች በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን ካላዛርን ይዘው ይመጣሉ፤ ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ጣፊያቸው ያብጣል፣ ሰውነታቸው ይከሳል። በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ ለዚህ በሽታ ራሱን የቻለ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ፤ የመድኃኒት ሙከራዎችም ይካሄዱበታል። በእንዲህ ዓይነት ሥራ የታማሚን ፈቃድ በትክክል መጠየቅ፣ መረጃን ሳይዛነፍ መመዝገብ፣ የመድኃኒትን ጉዳት ቶሎ መለየት ትማራላችሁ። በየትም ቦታ የሚፈለግ ችሎታ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አልጋ ዳር አሳልፏቸው። የማስተርስ መግቢያው፣ የውጭ ቅጥሩ፣ የኃላፊነቱ ቦታ ሁሉም ይህን ይጠይቃል። ከዚያም በላይ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኖ የማያውቅ ሜትረን ተረኞቹን ሊያዝ ይችላል፤ ሊረዳቸው ግን ያዳግተዋል።

ወደ ውጭ ሄጄ በነርስነት መሥራት እችላለሁ? ስንትስ ይከፈላል?

ይቻላል፤ መንገዱ ግን በአገሩ ይለያያል። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ዲግሪያችሁ፣ ፈቃዳችሁና ልምዳችሁ ከየምንጩ ይጣራል፣ ከዚያ በኮምፒውተር የሚሰጥ የሙያ ፈተና አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሆስፒታል ልምድ ይጠየቃል። ለብሪታንያ በአገራቸው የነርሶች ምክር ቤት መመዝገብ ግዴታ ነው፤ የእንግሊዝኛ ፈተናው በአይኤልትስ ከሆነ በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5 ይፈለጋል። ቀጥሎ የኮምፒውተር ፈተና፣ እዚያም ከተደረሰ በኋላ የተግባር ፈተና ይከተላል።

አሜሪካ ውስጥ «የተመዘገበ ነርስ» ለመሆን የአገሬው ሰው የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ወይም የአራት ዓመት ዲግሪ ይማራል፤ ሁለቱም የሚፈተኑት አንድ ፈተና ነው፣ ኤንክሌክስ። የጥያቄው ብዛት እንደ ተፈታኙ ከ85 እስከ 150 ይደርሳል፣ ጊዜው አምስት ሰዓት ነው። ከእኛ አገር የሚሄድ ሰው በቅድሚያ የትምህርት ማስረጃውን ያስገመግማል። በአገሩ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መሠረት በግንቦት 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመዘገበ ነርስ መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 93,600 ዶላር ነበር፤ በማስተርስና ከዚያ በላይ የሠለጠኑት የማደንዘዣ፣ የአዋላጅና መርምረው የሚያዝዙ ነርሶች ደግሞ 132,050 ዶላር። ቁጥሩን በብር አባዝታችሁ አትደናገጡ፤ ግብሩም፣ ኪራዩም፣ የጤና መድኅኑም በዶላር ነው። ቪዛውም ዓመታት ሊወስድ ይችላል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በነርስ ረዳትነት ጀምረው፣ ማታ እየተማሩ ነው የደረሱት።

የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያ እጥረት ካለባቸው 55 አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያን በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዘርዝሯታል። ይህ ማለት ሌሎች አገሮች መጥተው በዘመቻ እንዳይመለምሉ ይመከራሉ እንጂ እናንተ በግላችሁ ማመልከት አትችሉም ማለት አይደለም። ፈተናውን እኔ አሳልፋችኋለሁ፣ ልምድ አጽፍላችኋለሁ የሚል ደላላ ከመጣ ግን በሩን ዝጉ። ማስረጃዎች ከምንጩ ስለሚጣሩ በሐሰተኛ ደብዳቤ የተያዘ ሰው ያንን አገር ብቻ ሳይሆን ሙያውን ጭምር ያጣል።

ሌሊት ሐኪሙ በስልክ መድኃኒት አዘዘኝ፤ ስሕተት ቢፈጠር ተጠያቂው ማን ነው?

ሁለታችሁም ልትጠየቁ ትችላላችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ሲደነግግ፣ የሌላውን ሕይወትና ጤና የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና የገንዘብ መቀጮ እንደሚጠብቀው ይናገራል። «ታዝዤ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም፤ መጠኑ ከልክ በላይ መሆኑን ማወቅ የሚገባው ነርስ አውቆ መጠየቅ ነበረበትና።

ስለዚህ በስልክ ስትታዘዙ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የሚሰጥበትን መንገድና የታማሚውን ስም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አንብቡለት፤ ሐኪሙ «ልክ ነው» ይበል። የሚቻል ከሆነ ሌላ ባለሙያ አብሮ ይስማ። ወዲያውኑ ካርዱ ላይ ሰዓቱን፣ ያዘዘውን ሐኪም ስምና የእናንተን ስም ጻፉ። መጠኑ ካልተዋጠላችሁ «ዶክተር፣ ይህ መጠን በዝቶብኛል፣ እባክህ እንደገና እንየው» በሉ፤ ካላሳመናችሁ አትስጡ፣ በላይ ያለውን ተረኛ ጥሩ። ጠዋት ሐኪሙ ሲመጣ ራውንድ (ታማሚዎችን ዞሮ ማየት) ከመጀመሩ በፊት ትእዛዙን አስፈርሙት፤ ራውንድ ከተጀመረ ማንም አያስታውሰውም።